በአሮጌ አውቶሞቢል የዛገውን ተሸካሚ ብረት ስለ መለወጥ

አውቶሞቢል ባረጀ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ሞተር ግን ቢደክም ወርዶ ይታደሳል፤ ጎማም ቢያልቅ ይለወጣል። አሮጌውን አውቶሞቢል ብዙ ጊዜ ከመንገድ የሚያስቀረው ዝገት ነው፤ ይኸውም በቀለሙ ላይ የሚታየው ሳይሆን ከበሩ በታች ተሰውሮ አካሉን የተሸከመውን ብረት የሚበላው ነው። ይህ ብረት ምን እንደ ሆነ፥ ስለ ምን እንደሚዝግ፥ እንዴትም እንደሚለወጥ የቮልስዋገንን አውቶሞቢል ምሳሌ አድርገን እንገልጻለን።

ጀርባው የጎበጠውን፥ የአገራችን ሰው ቮልስ እያለ የሚጠራውን አውቶሞቢል ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው። የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፥ በጀርመን አገር በብዛት መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በ2003 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። እንግዲህ ከዚህ ዓይነት ዛሬ በመንገድ የሚታየው ሁሉ አሮጌ ነው።

አሠራሩ በሁለት ይከፈላል። የታችኛው ወለሉ ነው፤ በመካከሉም እንደ ጀርባ አጥንት የሆነ ባዶ ብረት ከፊት ወደ ኋላ ያልፋል። የላይኛው አካሉ ሲሆን ዙሪያውን በብዙ ብሎን ከወለሉ ጋር ይታሠራል። በቀኝና በግራ ከበሮቹ ሥር ከላሜራ የተሠሩ ረጃጅም፥ ውስጣቸው ባዶ የሆነ፥ ሣጥን መሳይ ብረቶች አሉ። የበሩ ማጠፊያ የተያያዘበት ዓምድና ቁልፉ የሚይዝበት ዓምድ የቆሙት በእነዚህ ላይ ነው። ጣሪያው በሸራ የሆነውን ቮልስዋገን ሲሠሩ ከዚሁ ብረት ሥር ሌላ ማጠናከሪያ ይጨምሩ ነበር፤ ከዚህም ሸክሙ ምን ያህል እንደ ሆነ ይታወቃል።

እነዚሁ ብረቶች ሁለተኛ አገልግሎት አላቸው። ሞተሩ ከኋላ የሚገኝና በአየር የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ፥ በዚያ የሞቀው አየር በብረቶቹ ባዶ ውስጥ አልፎ የተሳፋሪውን እግርና የፊቱን መስተዋት ያሞቃል። የሚበሰብሱትም በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው። አየሩ ከርሱ ጋር እርጥበት ይዞ ይገባና ብረቱ በቀዘቀዘ ጊዜ ጤዛ ይሆናል፤ ከውጭ ደግሞ ጎማው የሚረጨው ጭቃ በመጋጠሚያው ላይ ተለጥፎ ውሃ ይይዛል። ብረት ከውሃና ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ይዝጋል። ዝገት ከተነሣበት ብረት ይልቅ ሰፊ ስፍራ ይሻልና በሁለት ላሜራ መካከል ከገባ ገፍቶ ይለያያቸዋል፥ ቀለሙንም ያሳብጣል። ደግሞም እንደ ልጥ እየተላጠ ስለሚወድቅ ከሥሩ ያለውን ደኅና ብረት ለውሃ ይገልጠዋል። የላሜራው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነውና ቸል ካሉት ይበሳል። በአውሮፓ በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ የሚበተነው ጨው ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል።

አንዳንድ ሰው ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ይቀባበታል። ይህ ምስጥ የበላውን ምሰሶ በጭቃ መምረግ ነው እንጂ ጥገና አይባልም፤ ለሻጭ ይጠቅም ይሆናል፥ በግጭት ቀን ግን ብረቱ ታጥፎ በውስጡ ያለውን ሰው ይጎዳል። የሚገዛ ሰው ከበሩ ሥር በመዶሻ ቀስ ብሎ ይምታ፤ ደኅናው ብረት ይጮኻል፥ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ክሪክ ሲደግፉበት የሚሰምጥም ከሆነ ሌላ ምስክር አያሻም።

ሊለውጠው የሚነሣ ሠራተኛ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ፤ የዛገው ብረት ምንም ቢደክም እስኪቆረጥ ድረስ አካሉን ይዞታል። ሳይደግፉ በቆረጡት ጊዜ አካሉ በበሩ ክፍተት ላይ ይሰምጣል፤ ከዚያም በኋላ አዲሱ ብረት በተጣመመው ላይ ቢበየድ በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። ገበሬ የቤቱን ምሰሶ ሊለውጥ ሲሻ አስቀድሞ ጣሪያውን በባላ ይደግፋል እንጂ ምሰሶውን ነቅሎ ባላ ፍለጋ አይሄድም። በዚህም ሥራ እንዲሁ ነው።

ስለዚህ አውቶሞቢሉን በተስተካከለ ስፍራ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያቆሙታል፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ አውቶሞቢል ሥር ማንም አይግባ። የበሩን ክፍተት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ለክተው ይጽፋሉ። ከዚያም ከማጠፊያው ዓምድ እስከ ቁልፉ ዓምድ፥ ደግሞም ከግራ ወደ ቀኝ፥ የብረት ቱቦ ይበይዳሉ፤ ባላው ይህ ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ በታች፥ የቤንዚኑ ጋን ከፊት ነውና ሁለቱም ከእሳቱ በፊት ይወጣሉ፤ መቀመጫውና ምንጣፉም እንዲሁ።

አንዱ ወገን ሳይፈጸም ሁለተኛው አይነካም። አሮጌው ብረት በፋብሪካ የተበየደው በትናንሽ ክብ ነጥቦች ነው፤ እያንዳንዱን ነጥብ በመሰርሰሪያ ቢያወጡት ደኅናው ላሜራ ሳይቀደድ ይለያል። የዓምዱ እግርም ዝጎ ከተገኘ የሚያበራ ብረት እስኪታይ ድረስ ተቆርጦ በእኩል ውፍረት ላሜራ ይተካል። አዲሱ ብረት ውስጡ ዝገት የሚከላከል ቀለም ይቀባና በስፍራው በጥቂት ነጥብ ብቻ ይያዛል። በዚህ ጊዜ በሩ ይሰቀል፥ ይከፈት፥ ይዘጋ፤ የተጻፈውም ልክ ይመርመር። ስሕተት ቢኖር ጥቂቱን ነጥብ ማላቀቅ ቀላል ነው፤ ሁሉ ከተበየደ በኋላ ግን እጅግ ያስቸግራል።

ልኩ ከተገኘ በኋላ ብየዳው በአንድ ጊዜ አይጎተትም። ቀጭን ላሜራ በሙቀት ይጣመማልና ከዚህ ጥቂት፥ ራቅ ብሎ ከዚያ ጥቂት እየበየዱ እስኪቀዘቅዝ ይታገሡታል። ዚንክ ከተቀባ ብረት በብየዳ የሚወጣው ጢስ ሳንባን ይጎዳል፥ ብርሃኑም ዐይንን ያቃጥላል፤ በያጁ መከላከያ ያድርግ፥ ስፍራውም አየር የሚነፍስበት ይሁን፥ ለመመልከት የመጡ ልጆችም ይራቁ። መጋጠሚያው ውሃ እንዳያስገባ ተደፍኖ ይቀባል፤ ሞቃቱ አየር በሚያልፍበት ባዶ ውስጥ ግን ዘይት አይፈስስም፥ ሽታው ወደ ተሳፋሪው ይገባልና። በአካሉና በወለሉ መካከል ያለው ላስቲክ በአዲስ ይለወጣል፥ ብሎኖቹም ይጠብቃሉ። የተበየዱት ቱቦዎች የሚቆረጡት ሁለቱም ወገን ከተፈጸመና ብሎኑ ሁሉ ከታሠረ በኋላ ነው፤ ከተቆረጡም በኋላ በሮቹ አንድ ጊዜ ደግመው ይሞከራሉ።