ሐርጌሳ ለሚሄድ ሰው፦ ምን ይበላል? ምን ይታያል?

ከጅግጅጋ በማለዳ የተነሣ ሰው ድንበር ላይ ካልተጉላላ ምሳውን ሐርጌሳ ይበላል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚሄድም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እዚያው ነው። ቅርበቷ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ብዙዎቻችን ስለ ከተማዋ የምናውቀው ከበርበራ ወደብ ወሬና ከኮንትሮባንድ ዕቃ አያልፍም። ለጉብኝት ብሎ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ይህም ያስቆጫል። ሐርጌሳ ሆዱንም ዓይኑንም ከፍቶ ለሚመጣ እንግዳ ብዙ የምትሰጥ፣ ታሪኳም ከእኛ ታሪክ ጋር የተጠላለፈ ከተማ ናት። መቼ፣ የትና እንዴት የሚለውን ሳያውቁ ከሄዱ ግን ትልቁ ነገር ያመልጣል።

መጀመሪያ የመግቢያውን ጉዳይ እንጨርስ። ሐርጌሳ ዋና ከተማዋ የሆነችው ሶማሌላንድ ነፃነቷን ያወጀችው ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ 10 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የራሷ መንግሥት፣ ገንዘብና ፓስፖርት አላት። ሶማሊያ በበኩሏ የግዛቴ አካል ናት ትላለች፤ ከዓለም አገሮች አብዛኞቹም ዕውቅና አልሰጧትም። ለተጓዥ የዚህ ትርጉሙ ሞቃዲሾ የምትሰጠውን ቪዛ ይዞ ሐርጌሳ መግባት አይቻልም ነው። ስለ ቪዛው አዲስ አበባ የሚገኘውን የሶማሌላንድ ተወካይ ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ። በየብስ የሚሄዱ ከሆነ መግቢያው ቶጎ ውጫሌ ነው። በግርግሩ መካከል ሳያስተውሉ ወደ ማዶ መሻገር ቀላል ስለሆነ የመውጫውንም የመግቢያውንም ማኅተም ፓስፖርትዎ ላይ ማስመታትዎን ያረጋግጡ። ከዚያ ሐርጌሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በአብዛኛው መሪው በስተቀኝ የሆነ ቪትዝ ወይም ሌላ ቶዮታ ነው፤ የሚነዳው ግን እንደ እኛው የመንገዱን ቀኝ ይዞ ነው። ሾፌሩ ከፊት ያለውን መኪና ለመቅደም ሲሞክር ከፊት የሚመጣውን ቀድሞ የሚያየው ተሳፋሪው ነው። ቀስ በል ማለት አያሳፍርም። ከእኛ አገር ጫት ጭነው የሚከንፉትን መኪኖች ደግሞ መንገድ ለቆ ማሳለፍ ይሻላል።

ሐርጌሳ የጠዋት ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ እንደ በርበራ አታቃጥልም፤ ቢሆንም ከቀትር በኋላ ፀሐዩም ጫቱም አንድ ላይ ሆነው ከተማዋን ያስተኟታል። ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይበተናል፣ ቢሮ ውስጥ ጉዳይ የሚፈጽምልዎ አያገኙም። ስለዚህ ማየት የሚፈልጉትን ሁሉ ከማለዳ እስከ ቀትር ጨርሰው የቀረውን ለማታው ሻይ ያቆዩት። ዓርብ ደግሞ ሙሉ ቀን እረፍት ነው።

ጠዋት የሚበላው ላሆህ ነው። ከእንጀራ ቢዛመድም ያነሰ፣ የሳሳና ለስለስ ያለ ነው፤ የሚጋገረውም ከማሽላ ወይም ከስንዴ ዱቄት ነው። ከተጠበሰ ጉበት ጋር ይቀርባል፣ አለበለዚያ ቅቤና ማር ወይም ስኳር ይደረግበታል። አገሬው የሚወደውን መቅመስ የፈለገ ላሆሁን ሳህን ላይ አጣጥፎ የሰሊጥ ዘይት ጠብ ያደርግበትና ትኩስ ሻይ ያፈስበታል። ሲያዩት ግራ ያጋባል፤ ሲቀምሱት ግን ሻዩ በላሆሁ ዓይኖች ሰርጎ፣ የሰሊጡ ሽታ ከሄሉና ከቀረፋው ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ይሆናል። ለእኔ ከሐርጌሳ ምግብ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የወተት ሻዩ «ሻህ አደይስ» ይባላል፤ ስኳሩ ስለሚበዛ ቀነስ እንዲያደርጉልዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ምሳ ሩዝ ነው። «በሪስ» ይሉታል፤ በከሙን፣ በሄል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ ተቀምሞ ይበስላል። ላዩ ላይ የፍየል ሥጋ፣ «ሂልብ አሪ»፣ ይደረግበታል። ሩዙ ከመምጣቱ በፊት ሳያዙት አንድ ሳህን መረቅ ይቀርብልዎታል፤ ሎሚ ጨምቀውበት ይጠጡት። ከሩዙ ጎን ያልተላጠ ሙዝ ሲቀመጥ ለመጨረሻ ብለው ወደ ዳር እንዳያደርጉት። በየጉርሻው ቆረጥ እያደረጉ ከሩዙና ከ«ቢስባሱ» ጋር ነው የሚበላው። ቢስባስ በአረንጓዴ ቃሪያ የሚሠራ ማባያ ነው፤ አዋዜ የለመደ ሰው አይደነግጥለትም። ፓስታም ሞልቷል፤ ጣሊያን በደቡብ ሶማሊያ የተወው ምግብ የእንግሊዝ ግዛት የነበረችውን ሰሜኑንም ወርሷል። የሚበላው በእጅ ነው፣ ያውም በቀኝ እጅ ብቻ።

እዚህ ላይ ለክርስቲያን አንባቢ ግልጽ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ። ሐርጌሳ ውስጥ የሚበላ ሥጋ ሁሉ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው። የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ ሲቀርብልዎ የግመል ሊሆን ስለሚችል የማይበሉ ከሆነ «ጌል ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ጌል ግመል ነው። የሚጠየቀውም አይከፋውም። የሚጾም ሰው ደግሞ አይራብም። ያለ ቅቤ የሚቀርብ ላሆህ፣ ባቄላና ሌላ ጥራጥሬ፣ በቲማቲም የተሠራ ፓስታ፣ ፓፓያና ሐብሐብ በየቦታው አለ። ዓሣ ለሚበላም የበርበራ ዓሣ ተጠብሶ ይቀርባል። የግመል ሥጋ ለሚበላ ደግሞ ሐርጌሳ ከሁሉ የተሻለች ቦታ ናት፤ የሻኛው ስብ ለክቡር እንግዳ የሚቆረስ ነው። የግመል ወተቱ የሚቀመጥበት ዕቃ በጭስ ስለሚታጠን የእኛን አርሲና ቦረና እርጎ የሚያውቅ ጣዕሙን ይለየዋል። በመጀመሪያው ቀን ግን ከአንድ ብርጭቆ አይለፉ፤ ያልለመደ ሆድ ያስቸግራል።

ጠዋቱ ሳያልፍ የእንስሳት ገበያው ይታያል፤ ከከተማው ዳር ነው። ግመል፣ ፍየልና በጎች ከሩቅ ይመጣሉ፤ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የሚነዱትም ጥቂት አይደሉም። አብዛኛው በበርበራ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሻገራል፤ ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ገበያው ይጦዛል። እዚያ ሲደርሱ እጆችን ይመልከቱ። ደላላውና ሻጩ እጅ ለእጅ ይያያዙና ፎጣ ወይም የልብስ ጫፍ ጣል ያደርጉበታል፤ ከዚያ ዋጋውን ጣት በመጨበጥ ይነጋገራሉ። አንዱ ጣት ሲጨበጥ ይህን ያህል፣ ሁለቱ ሲጨበጡ ይህን ያህል። በዙሪያው የቆመ ሰው ፊታቸውን ከማየት በቀር ስንት እንደተባባሉ አያውቅም። ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ግን ይጠይቁ፤ ከብት በዓይን ይወጋል ብሎ የሚሠጋ አርብቶ አደር አለ።

ከተማው መሀል ላይ ገንዘብ ለዋጮች የሶማሌላንድ ሽልንግ እንደ ጡብ ደርድረው ያገኛሉ። ሽልንጉ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን አንድ ዶላር በብዙ ሺህ ሽልንግ ስለሚመነዘር ትንሽ ዶላር የሰጠ ሰው እጁ የማይችለውን እስር ይቀበላል። ብዙ መመንዘር አያስፈልግም። ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ዶላር ይቀበላል፤ ነዋሪው ደግሞ ከሊስትሮ እስከ ወርቅ ቤት የሚከፍለው በስልክ ነው። ዛድ የተባለው የቴሌሶም አገልግሎት የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ቴሌብር ከመምጣቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ። የየሱቁ የመክፈያ ቁጥር ግድግዳው ላይ ተጽፎ ይታያል። የዓለም አቀፍ ባንክ ካርድ ላይ ተማምኖ መሄድ ግን አያዋጣም፤ አነስተኛ ኖት የበዛበት ጥሬ ዶላር ይያዙ። ትልቁ ገበያ ዋሂን መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት በእሳት ወድሞ ብዙ ነጋዴ ባዶ እጁን ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተመልሶ የቆመውን ንግድ ሲያዩ ይህን ያስታውሱ።

ገበያው አቅራቢያ፣ በዋናው መንገድ ላይ፣ ከፍ ካለ መሠረት ላይ የቆመ ሚግ የጦር አውሮፕላን አለ። ይህን ሐውልት ታሪኩን ሳያውቁ ፎቶ አንሥቶ ማለፍ ለኢትዮጵያዊ አይገባም። መጋቢት 1980 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሶማሊያው ዚያድ ባሬ አንዳቸው የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። ከኢትዮጵያ ምድር ይዋጋ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መጠጊያ ሊያጣ መሆኑን ሲያይ በግንቦት ወር ወደ ቡርኦና ሐርጌሳ ገባ። የዚያድ ባሬ መንግሥት መልሱ የራሱን ከተማ ከአየር መደብደብ ሆነ፤ አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከዚያችው ከሐርጌሳ ማረፊያ ነበር። አብዛኛው የከተማው ክፍል ፈረሰ። ነዋሪው በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅ የተቋቋመው የሐርትሼክ መጠለያ በዚያን ጊዜ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ እስከመሆን ደርሶ ነበር፤ የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሐርጌሳ ውስጥ ካሉ የቢሮ ኃላፊዎች፣ ነጋዴዎችና ሾፌሮች መካከል በሐርትሼክ አቧራ ላይ ያደጉ፣ አማርኛ የሚሰሙም አሉ። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ሲሉ ፊቱ የሚፈታ አዛውንት ካጋጠምዎ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ላስ ጌል ለብቻው አንድ ጠዋት ይፈልጋል። ከሐርጌሳ በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጎን በአሸዋማ መንገድ የሚገባ ነው። በድንጋይ ጥላዎች ሥር በቀይ፣ በነጭና በብጫ ቀለም የተሣሉ ላሞች፣ ውሾችና ሰዎች አሉ። የላሞቹ አንገት በመስመሮች አጊጧል፤ አንዳንድ ሰዎች ከላሞቹ ሥር እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል፤ ዕድሜው ግን በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ሲሆን አጥኚዎች 5,000 ዓመት ገደማ ይገምቱታል። ያካባቢው እረኞች ያውቁት የነበረውን ይህን ቦታ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1995 ዓ.ም. የደረሰ የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ቡድን ነው። በድሬዳዋ አካባቢ የለጋ ኦዳን ሥዕሎች ያየ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ይለያል። ለመሄድ ከቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለውጭ ዜጋ የታጠቀ አጃቢም ሊጠየቅ ይችላል፤ ሆቴሉ ሁለቱንም ያመቻቻል። ሥዕሉን በእጅ መንካት ፈጽሞ አይገባም። ውኃ ይያዙ፤ ላብ ሳያጠምቅዎ ለመመለስ ጎሕ ሲቀድ ይነሡ።

ዝናብ የጣለ ሰሞን ከሄዱ መንታ ኮረብታዎቹን ናሳ ሐብሎድን ከሩቅም ቢሆን ይመልከቱ። ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል ርቆ በሚገኘው ጌድ ዴብሌ ደግሞ ከኮንትሮባንዲስቶች የተያዙ አቦ ሸማኔዎች የሚጠበቁበት ማዕከል አለ። ግልገሎቹ ወደ ዓረብ አገር ሊሸጡ ሲሉ የተገኙ ናቸው። መጎብኘት የሚቻለው በቀጠሮ ነው።

መጽሐፍ ለሚወድ ሰው የምመክረው ሐምሌን ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሐርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ የሚካሄደው በዚያ ወር ነው፤ የጀመሩት የሒሳብ ምሁሩ ጃማ ሙሴ ጃማ ናቸው። በሌላው ወር ቢሄዱም የሐርጌሳ ባህል ማዕከልን አይለፉት። ከጦርነቱ የተረፉ ከ10 ሺህ በላይ የዘፈን፣ የግጥምና የቲያትር ካሴቶች እዚያ ተሰብስበዋል። ከፊሎቹ ከቦምቡ እንዲድኑ ተሰውረው የቆዩ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ሐርጌሳ ውስጥ ያረፈው ታላቁ ባለቅኔ ሐድራዊም በትግሉ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሯል። የድሮ ሶማሌ ሙዚቃ ሲሰሙ ቅኝቱ ከእኛ አምስት ድምፅ ጋር ስለሚቀራረብ ጆሮዎ አይቸገርም።

ስለ ጠባይ ጥቂት ልበል። አልኮል ክልክል ነው፤ አንድ ጠርሙስ ቢራ በሻንጣ ይዞ መሻገር እስራት ያመጣል። ሴቶች ረጅም ቀሚስና የራስ መሸፈኛ ያስፈልጋቸዋል፣ ነጠላም ይበቃል፤ ወንድም በቁምጣ አይውጣ። ከእስልምና ሌላ ሃይማኖት መስበክ በሕግ የተከለከለ ነው። በረመዳን ቀን ቀን ምግብ ቤት አይከፈትም፤ በአደባባይ ውኃ መጠጣትም ነውር ነው። ወታደርና ኬላ ፎቶ አይነሣም። ትልቅ ሰው ሲጠሩ ወንዱን «አዴር»፣ ሴቷን «ኤዶ»፣ እኩያዎን «ዋላል» ይበሉ። ውኃ በቦቴና በአህያ የሚመላለስባት ከተማ ስለሆነች ሆቴል ውስጥ ቧንቧ ከፍተው አይተዉ።

ማታ ማታ በየመንገዱ ዳር ፕላስቲክ ወንበር ይዘረጋል፤ ሻይ፣ ሳምቡስና ሐልዋ ይዞ እስኪመሽ መጫወት ነው። ከሻይ ቤቶቹ ጀርባ በየሰፈሩ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ወጥ የሚሠሩ፣ ቡና የሚያፈሉ የአገራችን ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ወደ የመንና ሳዑዲ ለመሻገር መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ገና መንገዳቸውን እያሰቡ ነው። ብዙዎቹ በቤት ሠራተኝነት፣ በግንባታና በፀጉር ሥራ ያድራሉ፤ ወረቀት የሌለውም ብዙ ነው። ሐርጌሳ ከደረሱ አንድ ቀን ምሳዎን እነሱ ጋ ይብሉ፤ ከየት እንደመጡ ይጠይቋቸው፣ ለቤተሰብ የሚላክ መልእክት ካላቸውም ይዘው ይመለሱ።