በቅባት የማይጠፋ የቆዳ ምልክት

በአራዳ፥ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፥ እሪ በከንቱ የሚባል የቆየ ሠፈር መኖሩን የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቃል። የስሙም ትርጓሜ፥ ቢጮኹ የሚደርስ የለም ማለት ነው። በገላችን ላይ የሚወጣ ምልክትም እንዲሁ ሰሚ አጥቶ ብዙ ዓመት የሚቆይበት ጊዜ አለ። ከነዚህም አንዱ የቆዳ ሊምፎማ ነው።

ይህ ሕመም ከነቀርሳ ወገን ሲሆን፥ የሚነሣውም ሰውነትን ከበሽታ ከሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት አንዳንዶቹ በቆዳ ውስጥ ከሥርዓት ውጭ ሲባዙ ነው። በብዛት የሚታየውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1806 አሊቤር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ገለጸው፤ በኋላም እብጠቱ እንጉዳይ ስለ መሰለው ማይኮሲስ ፈንጎይድስ ብሎ ሰየመው። ስሙ እንዲህ ቢሆንም ሕመሙ ከሻጋታ የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ሲጀምር ብዙ ጊዜ ልብስ በሚሸፍነው ገላ፥ በመቀመጫ፥ በጭን፥ በሆድና በጀርባ ላይ፥ አንዳንዴም የሚያሳክክ ቅርፊታም ምልክት ሆኖ ይታያል። ጠቆር ባለ ቆዳ፥ ይልቁንም በልጆችና በወጣቶች ላይ፥ ነጣ ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጭርት፥ ችፌ፥ ለምጽ ወይም ሥጋ ደዌ እየተባለ ይታለፋል። ሕመምተኛው ከመድኃኒት ቤት ቅባት ገዝቶ ይቀባል፤ ምልክቱ ለጊዜው ይደበዝዝና ይመለሳል፤ እርሱም ሌላ ቅባት ይገዛል። እንዲህ ያለው ቅባት ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል።

ሐኪሙ ገላውን ሁሉ ይመለከታል፤ ምልክቱ የመዳሰስ ስሜት ያጣ እንደ ሆነም ይፈትናል፤ የሥጋ ደዌ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ስሜት የለውምና። ከዚያም ቆዳውን አደንዝዞ ትንሽ ቁራጭ ይወስድና በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ይልካል። የመጀመሪያው ምርመራ ቁርጥ ያለ መልስ ባይሰጥ፥ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መደገሙ ከሕመሙ ጠባይ የተነሣ እንጂ ከሐኪሙ ስንፍና አይደለም። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመሞችን ይመረምራል።

በጊዜ የተገኘ ሕመም ሐኪም ባዘዘው ቅባትና በልክ በሚሰጥ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይገታል፤ ብዙ ሕመምተኞችም ሥራቸውን እየሠሩ ረጅም ዘመን ይኖራሉ። ወደ እብጠት የተለወጠ ግን የጨረር ሕክምናና ብርቱ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሕመሙ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም።

መምህራን ሆይ፥ ነጣ ያለ ምልክት ያለበትን ተማሪ ከጓደኞቹ አትለዩት፤ ወላጆቹን ለብቻ ጠርታችሁ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት ምከሩ። እኛም ሁላችን፥ በጥቂት ሳምንታት ያልጠፋ ምልክት ሲኖርብን፥ ሌላ ቅባት ከመግዛት ይልቅ ለሐኪም እናሳይ። የቆዳችን እሪታ በከንቱ አይቅር።