የእሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፕላን ሞተርን እንዴት ይጎዳል?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ከቆቦ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከዞብል ተራሮች ባሻገር በአፋር ክልል የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ በመዝለቁ በዚያ ያሉ አየር መንገዶች በረራዎችን ሰርዘዋል። የላመ አመድ ግዙፍ አውሮፕላንን ከበረራ የሚያግደው ለምንድን ነው?

የጄት ሞተር አየርን አምቆ ከነዳጅ ጋር ያቃጥላል፤ ትኩሱ ጋዝም የተርባይኑን መቅዘፊያዎች ያሽከረክራል። በዘመናዊ ሞተሮች የጋዙ ሙቀት ከ1 ሺህ 500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበልጣል። መቅዘፊያዎቹ የሚሠሩበት የኒኬል ቅይጥ ግን በ1 ሺህ 350 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ከመቅለጥ የሚታደጉት በውስጡ የሚያልፈው ማቀዝቀዣ አየር እና ገጹን የሚሸፍነው ስስ የሴራሚክ ልባስ ናቸው። የልባሱ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

የልባሱ ዋና ንጥረ ነገር ዚርኮንያ ሲሆን የሚቀልጠው በ2 ሺህ 700 ዲግሪ ገደማ ነው። ብቻውን ከሆነ ግን ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መጠኑ ስለሚለዋወጥ ይሰነጠቃል። ሸክላ ሠሪ ምጣዱ እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል ከጭቃው እንደምትቀላቅል ሁሉ፣ መሐንዲሶችም ከ7 እስከ 8 በመቶ ዪትሪያ የተባለ ውሕድ ይጨምሩበታል።

በልባሱ ውስጥ ሆን ተብሎ ጥቃቅን ክፍተቶች ይተዋሉ። ክፍተቶቹ ሙቀትን ይገታሉ፤ ብረቱ ሲለጠጥም ልባሱ አብሮት እንዲለጠጥ ያስችላሉ። አመድ የሚያጠቃው በእነዚሁ ክፍተቶች ነው። በ1 ሺህ 200 ዲግሪ ገደማ እንደ ብርጭቆ ቀልጦ ይሰርጋል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፤ ልባሱም መለጠጥ ተስኖት ይቀረፋል። የበረሃ አቧራም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

የቀለጠ አመድ የአየር መተላለፊያዎችንም ይደፍናል። ሰኔ 17 ቀን 1974 ዓ.ም አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 በኢንዶኔዥያ ሰማይ ከጋሉንጉንግ ተራራ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተውበት ነበር። ከአመዱ ሲወጣ ሞተሮቹ ዳግም ተነሥተው ጃካርታ በሰላም አርፏል።

ሙቀትን ብቻ መቋቋም በቂ ባለመሆኑ ተመራማሪዎች ጋዶሊኒየም ያለበት ዚርኮኔት የተባለ ልባስ አዳብረዋል። ይህ ልባስ ከቀለጠው አመድ ጋር ተዋሕዶ ወዲያው ስለሚጠጥር መግቢያውን ይዘጋል፤ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ቀዳዳዎቹ እንደሚደፈኑ ማለት ነው። በቀላሉ የሚሰበር በመሆኑ ግን በነባሩ ልባስ ላይ ይደረባል።

የተሻለ ልባስ የሞተርን ዕድሜ ያራዝማል እንጂ በአመድ ውስጥ ለመብረር ፈቃድ አይሰጥም። ዋናው ጥበቃ ከአመድ መራቅ ነው። ለዚህም በፈረንሳይ ቱሉዝ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከል የኢትዮጵያን ሰማይ ጭምር ይከታተላል።