"ልጁ አንገት ላይ የሆነ ነገር አለ" ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ካኩማ ለነፍሰ ጡር እህቶች አስተረጉማለሁ፤ ሐኪም አይደለሁም። አልትራሳውንድ ላይ "አንገቱ ላይ የሆነ ነገር አለ" የሚለውን ቃል ስተረጉም ግን የእናቶችን ድንጋጤ ደጋግሜ አይቻለሁ። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ልትሆን ትችላለች፤ ክብደቱም እጅግ ይለያያል።

ቀላሉን ላስቀድም። እትብቱ አንገቱ ላይ ዞሯል ከተባለ የአፈጣጠር ችግር አይደለም። በጣም የተለመደ ነው፤ ጽንሱ ሲገላበጥ ይጠመጠማል፣ መልሶም ይፈታል። አብዛኞቹ ልጆች እንዲሁ ሆነው በሰላም ይወለዳሉ።

ሌላው ከአንገቱ በስተጀርባ፣ ከቆዳው ሥር የሚታይ ፈሳሽ ነው። ትንሽ ፈሳሽ ሁሉም ጽንስ አለው። የሚለካው ከ11ኛው ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ነው። 3.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሞች እንደ ዳውን ሲንድሮም ያለ ችግር ወይም የልብ አፈጣጠር ጉድለት ይኖር ይሆን ብለው ይጠራጠራሉ። ልኬቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ እጅግ ካልበዛና ተከታዩ ምርመራ ደህና ከሆነ አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው ይወለዳሉ። ፈሳሹ እንደ ከረጢት ተለቅ ብሎ ከታየ ግን ሲስቲክ ሃይግሮማ ይባላል፤ ክትትሉም ይጠብቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከፊት ወይም ከጎን የሚታየው እብጠት ነው። ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ ዕጢ ወይም የጽንሱ የራሱ እንቅርት ሊሆን ይችላል። ከደጋው ለመጣን ሰዎች እንቅርት አዲስ አይደለም፤ ማህፀን ውስጥም ይኖራል ሲባል ግን ብዙዎች ይገረማሉ። እንቅርት ያለባት ወይም የእንቅርት ኪኒን የምትወስድ እናት ለአዋላጇ መንገር አለባት፤ መድኃኒቱ ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላልና። በራሷ ግን አታቋርጥ።

ትልቅ እብጠት አደገኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ ኦክስጅን የሚያገኘው በእትብት ነው። እብጠቱ የአየር ቧንቧውን ቢጫነውም እስኪወለድ ድረስ ላይታወቅ ይችላል። እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ግን ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው። አስቀድሞ ከታወቀ በትልቅ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ጭንቅላቱን ብቻ አውጥተው፣ እትብቱ ገና እየሠራ ቱቦ ያስገቡለታል። ካልታወቀስ? ልጁ እዚሁ ክሊኒክ ወይም ቤት ይወለዳል።

ከካኩማ ሎድዋር ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ቦታ ከዚያም ይርቃል። ሪፈር ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ የሚመክረው እንዲህ ያለው ነገር በጊዜ እንዲታይም ጭምር ነው። አንዳንዱ እብጠት ዘግይቶ ስለሚወጣ የመጀመሪያው ንጹህ ነበር ብላችሁ ክትትል አታቁሙ። በተለይ ሆድ ከወሩ በላይ ከገፋ ሂዱ። ልጁ መዋጥ ሲያቅተው የሽርት ውሃው ይበዛል።

"ጨረር ልጁን ይጎዳዋል" የምትሉም አላችሁ። አልትራሳውንድ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው፣ ጨረር የለውም። ይበልጥ ለማጣራት የሚታዘዘው ኤምአርአይም እንደ ራጅ አይደለም።

ስትታዩ እነዚህን ጠይቁ፦ ከፊት ነው ከኋላ? የአየር ቧንቧውን ይጫናል? የሽርት ውሃው በዝቷል? የት ልውለድ? መልሱን ካርዱ ላይ ያስጽፉ። ባል ወይም እህት ሲያስተረጉሙ ለማጽናናት ብለው ግማሹን ይውጡታል፤ ስለዚህ ሌላ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም። የአልትራሳውንዱን ወረቀትም አትጣሉት፤ ሌላ ሆስፒታል ስትደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።