ከገርጂ ሰማይ በላይ የሚቀረው ብርሃን

የአገራችን የቱሪዝም አባት በመባል የሚታወቁት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን ለዓለም ያስተዋወቁት «የ13 ወር ፀሐይ» በሚል መጠሪያ ነበር። ይሁን እንጂ በሐምሌ አጋማሽ ገርጂ ከሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሰገነት ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ይህን መጠሪያ መጠራጠሩ አይቀርም። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ተሸፍኗል፤ ወደ ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች እንኳ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ አካላቸው አይታይም። በዚህ መካከል ከወዳጅ ወይም ከዘመድ አንድ ምስል በእጅ ስልኩ ይደርሰዋል። ምስሉ ወርቃማ ክብ ሲሆን በላዩ ላይ እንደ ቀስት የታጠፉ የብርሃን ክሮች፣ በዳርቻው ደግሞ የሚተን ጭጋግ የመሰለ ነገር ይታያል። ከሥሩ «የዛሬዋ ፀሐይ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ተቀባዩ ይደነቃል፤ ለሌላም ያስተላልፋል። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ይቀራሉ። ምስሉን ያነሣው ማን ነው? ፀሐይ በእርግጥ እንዲህ ያለ ቀለም አላት? በደመና ሥር ለተቀመጠው የገርጂ ነዋሪስ ይህ ምን ያደርግለታል? በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም በቅደም ተከተል ለመመለስ እንሞክራለን።

ደመና የማይጋርደው ዓይን

ፀሐይን ያለማቋረጥ ከሚከታተሉት የህዋ ቴሌስኮፖች ሁለቱን እንጥቀስ። የመጀመሪያው በአውሮፓና በአሜሪካ የህዋ ድርጅቶች ትብብር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1995 (ኅዳር 22 ቀን 1988 ዓ.ም.) የተመጠቀው ሶሆ ነው። ሶሆ የሚገኘው ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ጨረቃ ከእኛ የምትርቀው በአማካይ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር በመሆኑ በሶሆና በፀሐይ መካከል ገብታ ልትጋርደው አትችልም። እኛ የፀሐይ ግርዶሽ ብለን የምንጠራው ክስተት ከዚያ ሥፍራ ጨርሶ አይታወቅም።

ሁለተኛው የአሜሪካው የፀሐይ መመልከቻ ኤስ.ዲ.ኦ. ሲሆን የተመጠቀው እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 2010 (የካቲት 4 ቀን 2002 ዓ.ም.) ነው። በስልኮቻችን ላይ የሚዘዋወሩት አብዛኞቹ ባለ ብዙ ቀለም ምስሎች የዚህ መንኮራኩር ውጤቶች ናቸው። ኤስ.ዲ.ኦ. የሚዞረው ምድርን በመሆኑ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም ገደማ፣ ምድር ራሷ በየቀኑ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ትጋርደዋለች። ከዚያ ውጪ ባለው ጊዜ የዓይኑ ሽፋሽፍት የሚከደነው ከስንት አንዴ ነው። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ፀሐይን በ10 የተለያዩ የሞገድ ርዝመቶች የሚያነሣ ሲሆን አብዛኞቹን በየ12 ሴኮንዱ ይደጋግማል። ወደ ምድር የሚልከው መረጃም በቀን 1.5 ቴራባይት ያህል ይደርሳል።

እያንዳንዱ ምስል በቁመትም በወርድም 4,096 ነጥቦች አሉት። አንዷ ነጥብ በፀሐይ ገጽ ላይ ወደ 435 ኪሎ ሜትር ትሸፍናለች፤ ይህም በቀጥታ መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ በምስሉ ላይ እንደ ቀጭን ክር የሚታየው ቀስት በውስጡ ምድራችንን ደጋግሞ ሊያሳልፍ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የፀሐይ ወርድ ከምድር ወርድ 109 ጊዜ ይበልጣልና።

ቀለሙ ከየት መጣ?

ምስሉን ለሌላ ሰው ስናሳይ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የቀለም ጉዳይ ነው። አንዱ ምስል ወርቃማ፣ ሌላው ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ ነው። ፀሐይ በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ልብስ አትለዋውጥም። እነዚህ ምስሎች የተነሡት የሰው ዓይን ፈጽሞ በማያየው እጅግ አጭር የአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ዓይን የማያየው ነገር በዓይን የሚታይ ቀለም ስለማይኖረው ሳይንቲስቶች ለእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት አንድ ቀለም በስምምነት መድበዋል።

ይህ ማጭበርበር አይደለም። ካርታ ሠሪ ደጋውን ቡናማ፣ ቆላውን አረንጓዴ ሲቀባ የሰሜን ተራሮች ቡናማ ናቸው ማለቱ አይደለም፤ ከፍታን በቀለም መንገሩ ነው። በፀሐይ ምስል ላይ ደግሞ ቀለሙ የሚነግረን በዋናነት ሙቀትን ነው። በ30.4 ናኖ ሜትር የተነሣው ቀይ ምስል 50 ሺህ ዲግሪ ገደማ የሞቀ ሂሊየምን ያሳያል። በ17.1 ናኖ ሜትር የተነሣው ወርቃማ ምስል 600 ሺህ ዲግሪ በላይ ሞቆ ስምንት ኤሌክትሮኖቹን ያጣ ብረትን ያሳያል። በ19.3 ናኖ ሜትር የተነሣው የነሐስ መልክ ያለው ምስል ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ ያለፈውን የኮሮናን ክፍል ይገልጣል። በዓይናችን የምናውቀው የፀሐይ ገጽ ሙቀት ግን 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ብቻ ነው። ከገጹ ርቆ የሚገኘው ኮሮና፣ ማለትም የፀሐይ አክሊል፣ ከገጹ በመቶዎች እጥፍ የሚሞቅበት ምክንያት እስከ ዛሬ ተመራማሪዎችን የሚያከራክር ጉዳይ ነው።

ይህን ያወቀ ተመልካች ምስሉን በሌላ ዓይን ያነብበዋል። የታጠፉት ቀስቶች የፀሐይን መግነጢሳዊ መስክ ተከትለው የተደረደሩ ግሉ የፕላዝማ ክሮች ናቸው፤ በትምህርት ቤት ማግኔት ላይ በተነጠፈ ወረቀት የበተንነው የብረት ብናኝ መስመር ሠርቶ እንደሚደረደር ማለት ነው። በነሐሱ ምስል ላይ ተቃጥሎ የተበሳ የሚመስለው ጥቁር ሥፍራ ጉዳት አይደለም፤ መግነጢሳዊው መስክ ወደ ህዋ የተከፈተበትና ፈጣኑ የፀሐይ ነፋስ የሚወጣበት በር ነው።

ምስሉና የአራት ኪሎው መዝገብ

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንመለስ። ኤስ.ዲ.ኦ. ምስሉን የሚያነሣበት ብርሃን ወደ እኛም ይመጣል። ከፀሐይ ተነሥቶ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ ምድር ይደርሳል፤ ነገር ግን መሬት አይነካም። ከጣራዎቻችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህልና ከዚያም ከፍ ባለ ሥፍራ ስስ አየር ይውጠዋል። ቴሌስኮፑ ወደ ህዋ መውጣት ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። የተዋጠው ጨረር ግን ያለ ሥራ አይቀርም፤ የአየሩን አቶሞችና ሞለኪውሎች እየመታ ኤሌክትሮኖቻቸውን ይነጥቃል። በዚህ መንገድ የሚፈጠረው በኤሌክትሪክ የተሞላ ክፍለ አየር አዮኖስፌር ይባላል።

የኢትዮጵያ ልዩ ዕድል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በካርታ የምናውቀው የምድር ወገብ ከእኛ በስተደቡብ በኬንያ ያልፋል፤ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ግን የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በዚህ መስመር ላይ ቀን ቀን፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፍሰት አለ። ተመራማሪዎች የምድር ወገብ ኤሌክትሮጄት ይሉታል። ማለዳ ይነሣል፣ በእኩለ ቀን አካባቢ ይበረታል፣ ሲመሽ ይደክማል።

ይህን ፍሰት ማየት አይቻልም፤ አሻራውን ግን መመዝገብ ይቻላል። ከገርጂ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) ሰሞን አንሥቶ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲለካ ኖሯል። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስና የሳይንስ ሊቅ ፒየር ጉዌን ነበሩ። በፀጥተኛ ቀን መዝገቡ በእኩለ ቀን ከፍ ብሎ የሚወርድ ጉብታ ያሳያል። ፀሐይ ላይ ብርቱ ፍንዳታ በደረሰ ጊዜ ደግሞ፣ ሰዓቱ በእኛ ዘንድ ቀን ከሆነ፣ የአልትራቫዮሌቱና የኤክስሬዩ ጨረር በድንገት ስለሚጨምር ፍሰቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል፤ በመዝገቡም ላይ ትንሽ ጥርስ ይወጣል። በስልክ ላይ እንደ ብልጭታ የታየችው ነጥብና የአራት ኪሎዋ ጥርስ የአንድ ክስተት ሁለት ምስክሮች ናቸው።

ግንቦት 2016

የዚህ ዓይነቱ ምስክርነት ጥቅም ጎልቶ የታየው በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን ከምድር ወርድ ከ10 እጥፍ በላይ የሚሰፋ የፀሐይ ነጥቦች ስብስብ ተፈጥሮ በተከታታይ ፈነዳ። የኤስ.ዲ.ኦ. ምስሎች ፍንዳታውን፣ የሶሆ ምስሎች ደግሞ ወደ ምድር የተወረወረውን የፕላዝማ ደመና አሳዩ። ብርሃኑ በ8 ደቂቃ ሲደርስ ደመናው ግን ቀናት ይወስድበታል፤ ማስጠንቀቂያ መስጠት የሚቻለውም በዚህ ልዩነት ነው። ግንቦት 2 ቀን (እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 2024) ደመናው ምድርን ሲመታ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2003 ወዲህ የመጀመሪያው የሆነ በከፍተኛው ደረጃ የሚመደብ መግነጢሳዊ ማዕበል ተቀሰቀሰ።

የሳተላይት መገኛ ምልክት ወደ ስልካችንም ሆነ ወደ አውሮፕላን የሚደርሰው አዮኖስፌርን አቋርጦ ነው። አዮኖስፌር ሲታወክ ምልክቱ ይዘገያል ወይም ይንቀጠቀጣል። ስለሆነም በገርጂ ሰማይ ዝቅ ብለው የሚያልፉት አውሮፕላኖች ከፀሐይ ምስል ጋር የሚያገናኛቸው ጉዳይ አለ ማለት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ በተሰኘው ቤተ ሙከራም ሆነ በአራት ኪሎ ያሉ ተመራማሪዎቻችን አዮኖስፌርን የሚያጠኑት ለዚህ ነው።

ምስልን ከነማንነቱ ማካፈል

የእነዚህ ምስሎች አብዛኞቹ ምንጫቸው እስከተጠቀሰ ድረስ ለማንም በነፃ የተፈቀዱ ናቸው። ችግሩ ያለው በአላላካችን ላይ ነው። ምስሉ ሲነሣ በግርጌው የመሣሪያው ስም፣ የሞገድ ርዝመቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር ግን ለማሳመር ሲባል ግርጌው ይቆረጣል። ያን ጊዜ ምስሉ ውበቱ ሳይጎድል ምስክርነቱ ይጠፋል። የትኛው ቀን እንደሆነ የማይታወቅ ፍንዳታ ከአራት ኪሎው መዝገብ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ በላሊበላና አካባቢው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ታይቷል። በአዲስ አበባ ግን ግርዶሹ ከፊል ብቻ ነበር። እንግዲህ በዚያ ቀን ተነሣ የተባለ የእሳት ቀለበት ምስል «ከገርጂ» የሚል ጽሑፍ ቢኖረው፣ ወይ ቦታው ወይ ምስሉ ሐሰት መሆኑን በቀላሉ እንረዳለን። ቦታና ጊዜ የሌለው ምስል ግን ይህን ዕድል ይነፍገናል። ዛሬ በኮምፒዩተር የተቀናበረ ሥዕል ከእውነተኛው እየተቀላቀለ በሚዘዋወርበት ዘመን ጉዳቱ የበለጠ ነው።

ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስም ከባድ አይደለም። በምስሉ ላይ የሚጻፈው ዓለም አቀፍ ሰዓት በመሆኑ ሦስት መቀነስ ብቻ ይበቃል። 9:30 ከተባለ በእኛ ከቀኑ 6:30 ነው። ውጤቱ ከ12 ካለፈ 12 እንደገና ይቀነሳል፤ 17:00 ቢሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል።

በጥንቃቄ መመልከትና ማካፈል ለሳይንስም አስተዋጽኦ አለው። የሶሆን ምስሎች በትዕግሥት የመረመሩ በጎ ፈቃደኞች ፀሐይን ታክከው የሚያልፉ ጅራታም ኮከቦችን ሲያገኙ ቆይተው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ቁጥሩ 5,000 ደርሷል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቴሌስኮፕ አልነበራቸውም። ሌላም ጥቅም አለ፤ የህዋ ምስልን የለመደ ወጣት ፀሐይን በባዶ ዓይን ወይም በጥቁር መነጽር ለማየት አይፈተንም። ለዓይን የተዘጋጀ ልዩ ማጣሪያ በሌለበት ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት የማይድን ጉዳት ያስከትላልና።

እንግዲህ በክረምት ማለዳ ወርቃማው ምስል ሲደርሰን ግርጌውን ሳንቆርጥ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሞገድ ርዝመቱን ሳናጠፋ እናስተላልፈው። ለታናናሾቻችንም እንዲህ እንበላቸው፦ ከገርጂ በላይ ያለው ደመና የከለከለን በዓይን የሚታየውን ብርሃን ነው፤ ይህ ምስል የተሠራበት ብርሃን ግን ከደመናው እጅግ ከፍ ብሎ አሁንም ሥራ ላይ ነው፤ ሥራውንም አራት ኪሎ ላይ የሚጽፍለት አለ።