ዩኤስኤስ ኮልን ከመስጠም ምን አዳናት?

ዲስትሮየር የምንላት መርከቦችን ከአውሮፕላን፣ ከሚሳኤልና ከሰርጓጅ ጥቃት የምትከላከል ፈጣን የጦር መርከብ ናት። ለአብነት የአሜሪካዋን ዩኤስኤስ ኮል እንመልከት። 154 ሜትር የምትረዝመው ይህች መርከብ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ፓስካጉላ ከተማ ተገንብታ እ.ኤ.አ በ1996 አገልግሎት ጀመረች።

ራዳሯ ሚሳኤልን ከሩቅ ያያል። ጥቅምት 2 ቀን 1993 (እ.ኤ.አ ኦክቶበር 12 ቀን 2000) ግን የመን፣ ኤደን ወደብ ነዳጅ ስትቀዳ ፈንጂ የጫነች ትንሽ ጀልባ ተጠግታ ፈነዳችባት። ጎኗ ተቀደደ፤ 17 መርከበኞች ሞቱ።

ሆኖም አልሰጠመችም። አካሏ ብረት ነው፤ ውስጧም ውኃ በማያሳልፉ ግድግዳዎች የተከፋፈለ ነው። የተረፉት መርከበኞች የሚገባውን ውኃ ለማስቆም ለቀናት ታገሉ። በግዙፍ የጭነት መርከብ ተጭና ወደተሠራችበት ከተማ ተመለሰች፤ ተጠግናም እ.ኤ.አ በ2002 ወደ ባሕር ኃይሉ ተቀላቀለች። እንግዲህ ያዳናት ሚሳኤሏ ሳይሆን አሠራሯና የሠራተኞቿ ልምምድ ነበር።