በወርቅ የተለበጠው ብረት

«ኒዮ ኑዋር» የሚባሉት የወንጀል ፊልሞች የሚያሳዩን በብልጠት የተሸረበ ተንኮል ሲከሽፍ ነው። ያገራችንም ታሪክ ለዚህ ምሳሌ አለው። በ2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ወርቅ፣ በወርቅ የተለበጠ ብረት ነው ተብሎ ተመለሰ። ከዚያም ሻጩ ብቻ ሳይሆን የባንኩ ሹማምንትና የወርቁን ጥራት የሚመረምሩ ባለሙያዎች ጭምር ተጠርጥረው ተያዙ።

የእንዲህ ያለው ተንኮል ድካም ከፊዚክስ ትምህርታችን ይታያል። አንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ሲመዝን፣ ብረት ግን 7.9 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ልባጡ ዓይንን ቢያታልል ሚዛንን አያታልልም፤ አንዱ መርማሪ ቢያሳልፈው ሌላው ይይዘዋል።

በቦንጋ ገበያም ማር ስኳር ቢደባለቅበት፣ የሚጠፋው የሻጩ ስም ብቻ ሳይሆን የካፋ ማር ስም ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።